«እግዜር ይስጥህ»

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ደብረ ማርቆስ ካለው ቤቴ የቆርቆሮ በር ላይ የአንድ ልጅ ድምፅ ተሰማ። «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላል። መሸት ብሏል፤ ዝናቡም አላባራም። እኔ ከሰል ምድጃ ዳር ተቀምጬ እጄን አሞቃለሁ። ከመቀመጫዬ ሳልነሣ «እግዜር ይስጥህ!» አልኩት። ልጁም ሳይደግም ሄደ።

እንዲህ ያለ መልስ በየቀኑ ከስንቱ በር ይሰጣል። እኔን ዕረፍት የነሣኝ ግን ያ ልጅ ያሰማው ጥሪ በአንድ ወቅት የራሴ ጥሪ ስለነበረ ነው። ከ1963 እስከ 1967 ዓ.ም. አምስት ክረምት ሙሉ በዚያች ቃል እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ አነጋገራችንን ልብ ብለህ ተመልከተው። ሰው ሲሰጠን «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። የማንሰጠውን ሰው ደግሞ «እግዜር ይስጥህ» ብለን እንሸኛለን። ለምስጋናውም ለእምቢታውም የምንጠራው ስም አንድ ነው። በእግዚአብሔር መታመን የምንለው ነገር ከሁለቱ ከየትኛው ጋር ይቆም ይሆን?

የቆሎ ተማሪን ኑሮ ለማያውቅ ጥቂት ላውራ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል ያልሰማ ጥቂት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ዲማ ላይ ያስተማሩት ያለ ነገር አይደለም፤ እሳቸውም በዚያው በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ የእንዶዳም ልጅ ነበሩ። ተማሪው ተመርቆም ሆነ ከወላጆቹ ጠፍቶ ይወጣና ወደማይታወቅበት አገር ይሄዳል። ደበሎውን ይለብሳል፤ አኩፋዳውን ያንጠለጥላል፤ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይይዛል። ከጓደኞቹ ጋር የሣር ጎጆ ይቀልሳል። ቀን ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ በመካከል መንደር ለመንደር ዞሮ ይለምናል። የባለጸጋ ልጅ ቢሆንም አይቀርለትም፤ ልመናው ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነውና። የጤፉን ቁራሽ ከገብሱ፣ ትኩሱን ከሻገተው ቀላቅሎ ይዞ ይመለሳል። የተረፈውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል። እከክ የበላው፣ ተስቦ የወሰደው ስንቱ ነው! በእኔ በግራ ባቴ ላይ የሁለት ውሾች ጥርስ ምልክት አለ። ደግነቱ ሁለተኛው አሮጌ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን የክረምቱን ወራት ከፋፍላ ስም አውጥታላቸዋለች። መጀመሪያ ዘርና ደመና ይታሰባል፤ ቀጥሎ መብረቅና ነጎድጓድ፤ ነሐሴ ሲጋመስ ደግሞ «ዕጓለ ቋዓት» ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። መምህራን ሲያስረዱ፣ ቁራ ጫጩቶቿን ስትፈለፍል ላባ የሌላቸውና እሷን የማይመስሉ ሆነው ስታገኛቸው ጥላቸው ትሸሻለች ይላሉ። እነሱም አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ፤ እግዚአብሔርም ላባ እስኪያወጡ ድረስ ትንኙንና ዝንቡን ወደ አፋቸው እየላከ ይመግባቸዋል። የአዕዋፍን ጠባይ ያጠኑ ሰዎች ቁራን በዚህ አይከሷትም። የስያሜው ጊዜ ግን ገበሬውን አሳምሮ ያውቀዋል። ነሐሴ በጎጃም ደጋ የጎተራው ወለል የሚጠረግበት ወር ነው። የአምናው እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገብስ ገና አረንጓዴ ነው።

የኔታ ይህን ሲያስረዱን ልቤ ይሞላ ነበር። አኩፋዳዬን ይዤ ስወጣ ራሴን ከዚያ ከቁራ ጫጩት እቆጥራለሁ። አባት አጠገቤ የለ፣ እናት አጠገቤ የለች፣ ለነገ ያስቀመጥኩት የለ፤ ግን ጦሜን ያደርኩበት ሌሊት ጥቂት ነው! በእግዚአብሔር መታመንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። መቼም የተማሪ ትዕቢት ለብቻው ነው።

በ1965 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከጮቄ ሥር ወዳለች አንዲት መንደር ወጣሁ። ጮቄ ከ4 ሺሕ ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ ነው፤ በክረምት ደመናው ከሰው ትከሻ ላይ ይቀመጣል። ከብዙ ደጅ ባዶዬን ተመልሼ ከአንዲት ጎጆ ፊት ቆሜ ጮኽኩ። አንዲት ሴት ብቅ ብለው አዩኝና «ግባ ተሜ፣ በርዶሃል» አሉኝ። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል፤ ሦስት ልጆች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ድስቱን አውርደው ድንቹን ሰፌድ ላይ ገለበጡት። ሰባት ነበር። ሁለቱን ለእኔ ሰጡኝ። ታላቅየው ልጅ የቀረውን በዓይኑ ሲቆጥር አየሁት። እኔም ልጅ ነበርኩና ቆጠርኩ፤ አምስት ድንች ለሦስት ልጆች። ለእሳቸው የሚሆን አልነበረም።

«ለእርስዎስ፣ እናቴ?» አልኳቸው።

«እኔንስ እግዜር ያውቃል» አሉ። ለትንሹ ልጅ ድንቹን እየላጡ ቆዩና፣ «የእኔም የበኩር ልጅ ጋይንት ነው፤ ቤተልሔም ድጓ ይማራል። አሁን ከማን ደጅ ቆሞ ይሆን?» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ሁለቱን ድንች በላሁ። ምን እሸሽጋለሁ፣ ሦስተኛ ቢሰጡኝም እበላ ነበር።

ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሳወራው «እግዚአብሔር ያን ቀን እንዴት እንደመገበኝ» እያልኩ ነው። አሁን በስተርጅና ሳስበው ግን ከዚያ ጎጆ ውስጥ በእግዚአብሔር የታመንኩት እኔ አልነበርኩም። እኔ የራበኝ ልጅ ነበርኩ፤ የራበው ሰው መለመኑ ምን ይደንቃል? የታመኑት እኚያ ሴት ናቸው። ልጃቸው ዓባይን ተሻግሮ ከማያውቁት ሰው ደጅ ቆሟል። የዚያ ቤት ሴት ትስጠው ትከልክለው አያውቁም። ለእኔ የሰጡት ድንች ለእሱ እንደማይደርስም ልቡናቸው ያውቃል። በእሳቸው ደጅና በዚያ በሩቁ ደጅ መካከል መልእክት የሚያደርስ ማንም የለም፤ እግዚአብሔር ካልሆነ በቀር። «ይህማ ሰጥቶ መቀበል ነው፤ ንግድ ነው» የሚል አይጠፋም። መከፈሉ የማይታወቅ፣ ቢከፈልም ለባለቤቱ የማይነገር ንግድ ካለ፣ ይሁን፣ ንግድ ይባል።

ሌላም ነገር አለ። እኚያ ሴት «እግዜር ያውቃል» ያሉት ለራሳቸው ረሃብ ነው። ለእኔ ረሃብ አላሉትም። እኔ ከምድጃዬ ሥር ሆኜ «እግዜር ይስጥህ» ያልኩት ግን ለሌላው ረሃብ ነው፤ የራሴ እራት ተሰናድቶልኛል። ሐዋርያው ያዕቆብ፣ የታረዘውንና የተራበውን በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብት ሰው እምነቱ ምን ይፈይዳል ብሎ ሲጠይቅ ይህን የእኔን ዓይነቱን ማለቱ ነው።

ነገሩ ከደጃፍ አልፎ የአገር ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። እኔ ድንቹን በበላሁበት ዘመን፣ በ1965 እና በ66፣ ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸሽጎት ነበር። ድርቁ ከሰማይ ነው ይባል ይሆናል፤ ዝምታው ግን ከቢሮ ነበር። እዚያው ጮቄ ላይም ተዳፋቱ እየታረሰ አፈሩ በጎርፍ ወደ ዓባይ ሲወርድ «የእግዜር ሥራ ነው» የሚል አለ። እርከኑን ማን መሥራት እንዳለበት ግን ይታወቃል። ይህ ሌላ ርእስ ነውና ልተወው።

ለራሴ ምክንያት አላጣሁም። ኑሮው ተወዷል። ደግሞም ከ2015 ክረምት ወዲህ፣ በክልላችን ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ ሰው ሲመሽ ለማያውቀው በሩን ለመክፈት ይፈራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የልጁን ድምፅ ግን ለይቼዋለሁ፤ ገና ያልጎረነነ ድምፅ ነበር። እሱን አልፈራሁም። ከእሳቱ መነሣት ነው የከበደኝ።

ዘግይቼም ቢሆን ተነሣሁ። ባለቤቴ «በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?» ስትለኝ መልስ አልሰጠኋትም። ሁለት እንጀራ በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሄድኩ፤ ማንም የለም። ከዚያ ቆሎ ቆልታ በስኒ እየሰፈረች የምትሸጥ አንዲት ጎረቤታችን አለች። ላስቲኳን ከላይዋ ጣል አድርጋ ዕቃዋን ትሰበስባለች። «አንድ ተማሪ በዚህ ሲያልፍ አላየሽም?» አልኳት።

«አሁን እኮ ነው የሄደ። የቀረችኝን ቆሎ ሰጠሁት» አለችኝ።

እንጀራውን ይዤ ተመለስኩ። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጌ ጠበቅሁ። ተማሪስ መጣ፤ ድምፁ ግን የሌላ ልጅ ነበር።