የዝቋላው ጻድቅና የዛሬው ማይክሮፎን

ከሞጆ ወደ ቆቃ ሲወረድ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በስተ ምዕራብ ብቻውን ጉብ ብሎ የሚታየው ተራራ ዝቋላ ነው። ከፍታው 2,989 ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ ሐይቅ አለው። በየዓመቱ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ምእመናን እየወጡ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በዓል ያከብሩበታል። ጻድቁ አጋንንትን ያሸነፉት በዚህ ተራራ ነው ይባላልና፣ ክፉ መናፍስት በእግዚአብሔር ኃይል እንዴት እንደሚሸነፉ መማር የፈለገ የቆቃ ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ቀና ብሎ ማየት ይበቃዋል።

ገድላቸው እንደሚተርከው ጻድቁ ከግብፅ መጥተው የኢትዮጵያን ሕዝብ ኃጢአት ባዩ ጊዜ ምሕረት ሊለምኑ ወደ ዝቋላ ሐይቅ በራሳቸው ተዘቅዝቀው ገቡ። እንዲያ ሆነው መቶ ዓመት ጸለዩ። አጋንንት ተሰብስበው ተነሡባቸው፣ አሠቃዩአቸውም፤ እሳቸው ግን የለመኑትን ሳያገኙ ከውሃው አልወጡም። በመጨረሻ የተሸነፉት አጋንንቱ ናቸው። መቶውን ዓመት አንባቢ እንደ እምነቱ ይቀበለው፤ እኔ በቁጥሩ ላይ አልከራከርም። ከታሪኩ ውስጥ ዐይኔ የሚያርፈው ሌላ ነገር ላይ ነው። ሥቃዩን የተሸከመው ማን ነው? የጸለየው ነው፤ የተጸለየለት ሕዝብ አንዲት አለንጋ እንኳ አላረፈችበትም።

ወንጌሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ የያዘውን ብላቴና ማዳን አቅቷቸው ምክንያቱን በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ የነገራቸው ስለ ጸሎትና ስለ ጾም ነበር። ጾሙ የታዘዘው ለአገልጋዩ ነው፤ ለሕመምተኛው አይደለም። ዛሬ ግን በአንዳንድ ቦታ ነገሩ ተገልብጧል። ሕመምተኛዋ በሰንሰለት ትታሰራለች፣ እህል ትከለከላለች፣ በመቁጠሪያ ጀርባዋ እስኪላጥ ትመታለች፤ «የሚመታው እኮ መንፈሱ ነው፣ እሷን አያማትም» ይባላል። ማታ ቁስሉን የምታጥበው ግን እናቷ ናት። አጥማቂው በልቶ ያድራል።

ከዚህም የባሰ የሚመስለኝ ጥያቄና መልሱ ነው። «ማን ነህ? በምን ያዝካት? ማን ላከህ?» ይባላል፤ ማይክሮፎን አፏ ላይ ይደቀናል፤ በስልክ ይቀረጻል፤ ሰው ጆሮውን አቁሞ ይሰማል። ጌታ የጌርጌሴኖኑን ሰው መንፈስ ስሙን ጠይቆታል፤ ሌጌዎን የሚል መልስም ተሰጥቶታል። ነገር ግን ማን እንደላከው፣ የየትኛው ጎረቤት ቅናት እንዳለበት አልመረመረም። በቅፍርናሆም ምኩራብ ደግሞ ርኩሱ መንፈስ ስለ ጌታ እውነቱን ሲናገር እንኳ ዝም እንዲል ታዝዟል። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ የምዋርት መንፈስ ያደረባት ገረድ እየተከተለች የእግዚአብሔር አገልጋዮች መሆናቸውን ስትመሰክር፣ ምስክርነቷ እውነት ሆኖ ሳለ መንፈሱን ገሥጾ አስወጣው። ከዚያ አፍ እውነት ቢወጣ እንኳ አልፈለገውም።

እኛ ግን ሐሰቱንም ተቀብለን ወደ ቤት እንወስዳለን። «መተቱን ያስደረገችባት አክስቷ ናት»፣ «በቡና ያበላቻት የታችኛዋ ጎረቤት ናት» ይላል የሚለፈልፈው ድምፅ። በማግስቱ የሠላሳ ዓመት ጉርብትና ይፈርሳል፤ በአንድ እድር የኖሩ ሰዎች ሰላምታ ይነፋፈጋሉ፤ አንዲት ባልቴት በሰፈሩ ልጆች ዘንድ «ቡዳ» ተብላ ትቀራለች። በሐሰት መመስከሩ የታወቀበትን ሰው ፍርድ ቤት ዳግመኛ አያምነውም። መጽሐፍ የሐሰት አባት ያለውን ግን በገዛ ዘመዶቻችን ላይ ምስክር አድርገን እናቆመዋለን። አጋንንት በእውነት አሉ ብሎ የሚያምን ሰው ከማንም በላይ ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነበር። የመንፈሱ ዋና ሥራ ሰውን ከሰው መለየት ከሆነ፣ በማይክሮፎኑ ሥራውን ጨርሶ ነው የሄደው።

ይህ የአንድ ቤተ እምነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጠበል ቦታ ያለው በአዳራሽም አለ፤ መቁጠሪያው ቀርቶ ጩኸቱና ግፊያው ይተካል እንጂ ምርመራው ያው ነው።

ወደ ቆቃ ልመለስ፤ መንፈስ ተብሎ የሚታለፍ ሕመምም አለና። የአዋሽ ግድብ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ መብራት ብቻ ሳይሆን ሰፊ ሐይቅም ለአካባቢው ሰጠ። ሐይቁ ዓሣ አመጣ፣ መስኖ አመጣ፤ የወባ ትንኝም አመጣ። በግድቡ ዳር ያሉ መንደሮች ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ በቦታው የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ወባ ወደ አንጎል ሲወጣ ደግሞ ሰውየው ይቃዣል፣ ይንዘፈዘፋል፣ የማይታወቅ ቃል ይለፈልፋል፣ ራሱን ይስታል። ይህን ያየ ዘመድ «ያዘው» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም እንዲህ የከፋ ወባ ሳይታከም ከቆየ በአንድ በሁለት ቀን ሊገድል ይችላል። የሚጥል በሽታም እንዲሁ በየሠፈሩ መንፈስ ተብሎ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜ ግን በየቀኑ በሚዋጥ፣ ዋጋው ርካሽ በሆነ ኪኒን ይታገሣል።

ሕክምና መውሰድ እምነት ማጉደል የሚመስለው ሰው ካለ፣ ሁለት የቅርብ ታሪክ ይስማ። በአዳማ የዛሬው ሆስፒታልና ሕክምና ኮሌጅ መሠረቱ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የሜኖናይት ሚስዮናውያን የከፈቱት ሆስፒታል ነው፤ ኋላ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ተጠርቷል። እነዚያ ሰዎች ለሕመምተኛ የሚጸልዩ ነበሩ፤ መርፌውንም የሚወጉ እነሱው ነበሩ። ሁለተኛው የእንጦጦ ማርያም ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ብዙ ሰዎች ጠበል ለመጠመቅ ወደዚያ ይወጡ ነበር፤ ከእነሱም መድኃኒቱን መዋጥ ጠበሉን መጠራጠር መስሏቸው ያቋረጡ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ እዚያው ተገኝተው፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በአደባባይ ተናገሩ። አዲስ ትምህርት አልነበረም፤ በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍታችን ውስጥ የተቈጠረው መጽሐፈ ሲራክም ሐኪሙን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያስተምራል። ግን ቃሉ ከፓትርያርክ አፍ መውጣቱ በየቤቱ ለሚጨነቁ እናቶች ትልቅ ነገር ነበር።

የአስቄዋ ልጆችንም አንርሳ። ሰባት ወንድማማቾች የኢየሱስን ስም እንደ መድኃኒት ቤት ዕቃ አንሥተው መንፈስ ሊያስወጡ ቢሞክሩ፣ ቆስለው፣ ራቁታቸውን ከቤት ሸሽተው ወጡ። ሥልጣኑ የስሙ ባለቤት እንጂ የጠሪው አልነበረምና። ዛሬ በስሙ ገንዘብ የሚሰበስብ፣ በሕመምተኛ ጩኸት ተመልካች የሚያበዛ ሰው ይህን ታሪክ ቢያነብ ይበጀው ነበር።

እንግዲህ በቆቃም ሆነ በአዳማ፣ በመቂም ሆነ በዝዋይ ያላችሁ ወገኖች፣ አደራ። ልጃችሁ ትኩሳት ይዞት ከተንዘፈዘፈ ወይም ከለፈለፈ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ቄሱን ወይም ፓስተሩን እዚያው አልጋው አጠገብ ጥሩ። የጀመረውን ኪኒን ማንም «ጣለው» ቢላችሁ አትስሙ። የታመመውን አትሰሩት፣ አታስመቱት። መንፈሱ የጎረቤታችሁን ስም ከጠራ ደግሞ ስሙን እዚያው ተዉት፤ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ እንደ ወትሮው ቡና ጥሯት።