ዋስ ወይስ ገዢ?

የታሰረን ሰው ያስፈታ መልካም ሠራ እንላለን። በእኛ ዘንድ ዋስ ያጣ ሰው ወገን እንደሌለው ይቆጠራል። ታዲያ ያስፈታው ሰው የተፈታችውን ቢሸጣትስ? ሥራው ምን ይባላል?

ይህ የምናብ ጥያቄ አይደለም። በአሜሪካ ገና ያልተፈረደባቸው ብዙ ሰዎች የዋስትና ገንዘብ በማጣት ብቻ ታስረው ይቆያሉ። በብዙ ወረዳዎች የእስረኛው ስምና ፎቶግራፍ ማንም እንዲያየው በኢንተርኔት ይወጣል። የሴት ገላ ነጋዴም ያነበዋል። ዋስትናዋ 1,000 ዶላር የሆነባትን ሴት፣ ዋስነትን ንግዱ ላደረገ ድርጅት ብዙውን ጊዜ 100 ዶላር ያህል ከፍሎ ያስወጣታል። አንዳንዱ አስቀድሞ ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ ለሳሙናና ለስልክ ገንዘብ ይልክላታል። ስትወጣ «ዕዳሽን ክፈዪ» ይላታል፤ ክፍያው ገላዋ ነው። እምቢ ብትል «ዋስትናውን አነሣለሁ፤ ተመልሰሽ ትገቢያለሽ» ይላታል።

«ወዳ ሄደች» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ከወዲህ የእስር ቤት በር፣ ከወዲያ የሰውዬው መኪና ብቻ ከሆነ ምርጫው የቱ ላይ ነው? ወረቀታችን በሌላ ሰው እጅ የዋለበትን ቀን የምናውቅ እኛ ይህን ለመረዳት አይቸግረንም። በ2000 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የሰዎችን ዝውውር የሚከለክል ፕሮቶኮልም፣ በማስገደድ፣ በማታለል ወይም የሰውን መቸገር መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ፈቃድ ከቁጥር አይገባም ይላል።

ጥንት ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ያ ማሰሪያ ግን ይታይ ነበር፤ ሁለቱንም ይይዝ ነበር። የዛሬው ቁራኛ አይታይም፤ የሚይዘውም እርሷን ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነጋዴው ይቀጣ፤ ይህ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ እርሱ የገባው ሌላው ክፍት በተወው በር ነው። የኢሊኖይ ግዛት በ2023 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ዋስትናን አስቀረ፤ እዚያ በ100 ዶላር የሚገዛ መውጫ የለም። በሌላውም ቦታ የእስረኛ ፎቶግራፍ አደባባይ አይውጣ፤ የማታውቀው ሰው ዋስ ልሁን ብሎ ሲመጣ አስቀድሞ እርሷ ለብቻዋ ትጠየቅ፤ በሌሊት ባዶ እጇን አትለቀቅ፤ መሳፈሪያና ማደሪያ ይሰጣት።

«ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ደጉን ዋስ አያርቅምን?» የሚል ይኖራል። አያርቅም። ደግ ዋስ ቢጠየቅ አይከፋውም፤ ያስፈታት ሴት ወደ ፈቀደችው መንገድ ስትሄድ አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳልና። ተከትሏት የሚሄደው ግን ዋስ አይደለም፤ ሁለተኛ አሳሪ ነው።