ጉድለትን መውረስ

አዲስ ዕቃ የአሮጌውን ሥራ እንዲሠራ ሲጠየቅ ጉድለቱንም ጭምር መውረስ አለበት ወይ? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። እኔን ግን ስለ ቪዲዮ ጌም መሣሪያዎች ሳስብ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ፕሌይስቴሽን 2ን ሲያወጣ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ፕሮሰሰር እዚያው ውስጥ አኖረው። ሽማግሌው በአዲሱ ቤት ተላላኪ ሆኖ ይኖራል፤ የድሮ ዲስክ ሲመጣ ግን ተነስቶ በቀድሞ ወንበሩ ይቀመጣል። መጦር ደግሞ ወጪ አለው። የ2006ቱ ፕሌይስቴሽን 3 መጀመሪያ ላይ የፕሌይስቴሽን 2ን ቺፖች ይዞ ነበር፤ በ2007 መገባደጃ በወጣው ርካሽ ሞዴል ግን ቺፖቹም የሉም፣ ዲስኩም አይሠራም።

ሌላው መንገድ ኢሙሌሽን ነው፤ አካሉ ሳይኖር ጠባዩን መምሰል። ፕሮግራሙ ለአሮጌው ማሽን የተጻፈውን ትእዛዝ እያነበበ አዲሱ በሚገባው ቋንቋ ይፈጽመዋል። አስተርጓሚ ነው እንበል። ይሁንና የጥንቶቹ ጨዋታ ሠሪዎች በማሽናቸው ፍጥነት ተማምነው ስለጻፉ፣ አስተርጓሚው ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተናጋሪውን ትንፋሽና ዝምታ ሁሉ ማድረስ ይኖርበታል። ፕሮሰሰሩ ከ3.58 ሜጋኸርዝ የማያልፈውን ሱፐር ኒንቴንዶ አንዲት ቅንጣት ሳያጓድል ለመምሰል በ2011 ግድም 3 ጊጋኸርዝ ያህል ኮምፒውተር ያስፈለገው ለዚሁ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት ለመዘግየት!

ታዲያ መዘግየቱ ምን ይጠቅማል? ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 የሠራውን ስፔስ ኢንቬደርስ እንውሰድ። በስክሪኑ ላይ የተሰለፉት ጠላቶች ብዙ ሲሆኑ ማሽኑ ሁሉንም ማንቀሳቀስ ስለሚከብደው ይንቀረፈፋሉ፤ እየተመቱ ሲያንሱ ሸክሙ ይቀልና የቀሩት ይፈጥናሉ። ኒሺካዶ ይህን አይቶ አላረመውም። የተጫዋቹ ልብ የሚመታው በዚያ በማሽኑ ድክመት ነው። ፈጣን መሣሪያ መጥቶ ‹‹ላሻሽልልህ›› ብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ቢያስኬዳቸው ያ ጨዋታ አለ ማለት ይቻላል? እኔ የለም ባይ ነኝ።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ጉድለት እንዲህ አይደለም። ሠሪውንም ተጫዋቹንም ያበሳጨ፣ ቢጠፋ ማንም የማያለቅስለት መንቀራፈፍ ሞልቷል። ችግሩ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ መምሰላቸው ነው። የታረመውን ብቻ ያየ ልጅ ደግሞ የጎደለውን ስለማያውቅ አይጠይቀንም። እውነቱን ለመናገር፣ የስፔስ ኢንቬደርስን ታሪክ ሳላውቅ አርመው ብባል ኖሮ እኔም መጀመሪያ የማስተካክለው ያንኑ መንቀራፈፍ ነበር፤ ያውም ውለታ የዋልኩ እየመሰለኝ።