ክኒኑና ስግደቱ

ሽሮ ሜዳ ቀሚስና ነጠላ እሸጣለሁ። ክኒኔን ያየች ጎረቤቴ፣ «እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ከራስጌሽ እያለች ይህን ትውጫለሽ?» አለችኝ።

ጥያቄዋን አልናቅሁትም። ውዳሴ ማርያም ስደግም ቃሉ አፌ ውስጥ እንደ ገለባ የሚደርቅብኝ ሰው ነበርኩ። የድብርት ክኒኑን፣ ፍሉኦክሴቲንን፣ ከጀመርኩ ከሳምንታት በኋላ ጸሎቴ ተመለሰ። ታዲያ የምጸልየው እኔ ነኝ ወይስ ክኒኑ?

መልስ የሰጠኝ ዐቢይ ጾም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ነፍስን ከሥጋ ነጥላ አስተምራን አታውቅም። ጹሙ፣ ስገዱ፣ ሌሊቱን በመቋሚያ ተደግፋችሁ ቁሙ ትለናለች፤ ሆድ ሲጎድልና ጉልበት ሲዝል ልብ እንደሚሰበር ታውቃለቻ! በሥጋ በኩል መጣ ብለን ክኒኑን ከናቅን፣ ስግደቱንም አብረን መጣላችን ነው።

«ጾም ድካም አለው፤ ክኒን ተዋጠ፣ አለቀ» ትሉኝ ይሆናል። አላለቀም። ይህ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን ዕለቱን አይሠራም፤ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ያስጠብቃል፤ ማቅለሽለሹ ግን ይቀድማል። ከዚያም በፊት የሚያዝልሽን ማግኘት አለ። እኔ ሕመሜ ሳይለይ ስንት ጊዜ ስለ ጨጓራ ታክሜያለሁ! ጉለሌ ውስጥ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ ሰዉ ግን የሚያውቀው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልን ነው፣ ስሙንም ይፈራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በብዙ ቦታ ማዘዣውን የሚጽፈው ዶክተር ሳይሆን የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው። ለእኔም የጻፈችልኝ ነርስ ናት። «መሞት ተመኝተሽ ታውቂያለሽ?» ስትለኝ ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ነገርኳት።

እዚሁ እንጦጦ ጠበል የገቡ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን የሚተዉበት ጊዜ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መከሩ። ለቫይረስ የተፈቀደው ለሐዘን ሲሆን ለምን ያሳፍራል? ቫይረስን ባዕድ እንለዋለን፤ ሐዘንን ግን ወይ የራስ ጥፋት ወይ የክፉ መንፈስ ሥራ እናደርገዋለን፤ ለዚህ ይመስለኛል።

ያልተፈታልኝ ሌላ ነው። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ እንባዬ ቀንሷል። አባቶች ደግሞ እንባን ጸጋ ይሉታል። በስቅለት ዕለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ዓይኔ ሳይረጥብ ሰገድኩ። ይህን ለነርሷም ለንስሐ አባቴም አነሣለሁ፤ እስከዚያው ግን ክኒኑን በራሴ ፈቃድ አላቋርጥም።