ከመስታወቱ ጀርባ

 

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከዒሻ ሰላት በኋላ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በር ላይ ጠብቆ አስቆመኝ። ሠርጉ አንድ ወር ቀርቶታል፤ የተከራየውን ኮንዶሚኒየም እያሳመረ ነው። ለሳሎኑ ግድግዳ ወርቃማ ፍሬም ያለው ትልቅ መስታወት ገዝቷል። ዳር ዳሩ ጠቋቁሯል፤ መሐሉ ላይ ጭስ የመሰለ ነገር አለው። ሻጩ «አንቲክ ነው፤ በጣልያን ጊዜ ከተሠራ ቤት የወጣ፣ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው» ብሎ ውድ ዋጋ አስከፍሎታል። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው በ1928 ዓ.ም. ስለሆነ ሒሳቡ ራሱ አይሞላም ነበር። ግን የወደድነውን ነገር ስንገዛ ማን ሒሳብ ይሠራል?

አናጺው ሊሰቅለው ሲያዞረው ነገሩ ተገለጠ። ጀርባው አዲስ ኮምፔንሳቶ ነው። ከሥሩ ያለው ቀለም ገና ይሸታል። ጥቁር ነጥቦቹ በአሲድ የተሠሩ ናቸው። ሻጩ ደግሞ አልመልስም አለ።

ልጁ እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ ኦንላይን ልሸጠው ነው። ሻጩ ለእኔ እንዳለኝ እኔም ‹አንቲክ› ብዬ ብጽፍ ምን አለበት? ሰው የሚወደው ጥቁር ነጥቡን ነው፤ ነጥቡ ደግሞ አለ። ማን ይጎዳል?»

መልሱን ነገርኩት። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ «ማን ይጎዳል?» የሚለው ቃል የዘመናችን ትልቁ ማምለጫ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ስለ መስታወቱ ትንሽ እንወቅ። በንግዱ ዓለም በተለምዶ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው ዕቃ «አንቲክ» ይባላል፤ ከዚያ የሚያንሰው አሮጌ ዕቃ «ቪንቴጅ»። በድሮ ዘመን ሰው ፊቱን የሚያየው በተወለወለ ብረትና ነሐስ ነበር። በኋላ ቬኒስ አጠገብ ያለችው የሙራኖ ደሴት የመስታወት ባለሙያዎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን በመላው አውሮፓ የታወቁበትን መስታወት ሠሩ። ስስ የቆርቆሮ ማዕድን ወረቀት ይዘረጋሉ፤ ሜርኩሪ ያፈሱበታል፤ ከዚያ ብርጭቆውን ያሳርፉበታል። በፈረንሳይ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የመስታወት አዳራሽ 357 መስታወቶች አሉት፤ ሥራው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1684 ነው። ያ ውበት ዋጋ ነበረው። የሜርኩሪው ትነት የሠራተኞቹን እጅ ያንቀጠቅጥ፣ ጤናቸውንም ያበላሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1835 ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ብርጭቆን በብር የመቀባት ዘዴ አገኘ፤ ቀስ በቀስ ሜርኩሪው ቀረ።

እውነተኛው ጥቁር ነጥብ የሚመጣው እርጥበትና አየር ከጀርባ ገብተው ያንን ስስ ብረት ሲበሉት ነው። ብዙ ጊዜ ከጠርዝ ይጀምራል፤ ዓመታት ይፈጅበታል። የዛሬ ሠሪ ግን የአዲስ መስታወት የጀርባ ቀለም ይልጣል፤ አሲድ ይረጫል፤ መልሶ ይቀባል። የመቶ ዓመት መልክ በአንድ ከሰዓት ይወጣል።

ይህን ማድረግ ሐራም ነው? አይደለም። ሰው ያረጀ መልክ ወድዶ፣ አዲስ መሆኑን አውቆ፣ በአዲስ ዋጋ ቢገዛ ማንም አልተታለለም። ቤትን ማስዋብም አላህ ለባሪያዎቹ ከፈቀደው ነው፤ ማባከንና መኩራራት ካልገባበት። ጥፋቱ ምላስ ላይ ነው። «አንቲክ» ብለን ስንሸጥ የምንሸጠው ነጥብ አይደለም፤ ዕድሜ ነው። ገዢው ተጨማሪውን ብር የከፈለው ለዚያ ዕድሜ ነው። ዕድሜው ግን የለም። ስለዚህ የሌለ ነገር ሸጠናል ማለት ነው። «ማን ይጎዳል?» ለሚለውም መልሱ ይኸው ነው፤ ገዢው በማያውቀው መንገድ ገንዘቡ ተወስዷል። አለማወቁ ጉዳቱን አያጠፋውም፤ እንዲያውም እኛን ለመክሰስ እንዳይችል ያደርገዋል። ያኔ ከሳሹ የቂያማ ቀን ነው የሚቆመው።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን፣ ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲሥ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ሰደዱበት፤ ውስጡ ረጥቦ አገኙት። ሻጩ ዝናብ ነው ያገኘው አለ። እሳቸው ግን የረጠበውን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይ ከእሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ልብ በሉ፤ ዝናቡን ሰውየው አላዘነበውም። ተጠያቂ የሆነው ስላበላሸ አይደለም፤ ስለ ደበቀ ነው። የእኛም ተማሪ አሲዱን አልረጨም። እሱም ተታልሏል። መታለል ግን ለማታለል ፈቃድ አይሰጥም። በእኛ እጅ ሲደርስ የሚቆም ውሸት ካልኖረ፣ ሁሉም ሰው «እኔም ተነግሮኝ ነው» እያለ ያሳልፈዋል።

ይህን ካልኩት በኋላ አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ «ለእጮኛህ ምን አልካት?»

ዝም አለ። ለካ መስታወቱን የገዛ ዕለት ፎቶውን ልኮላት፣ ስለ ዕድሜው አውርቶላት፣ እሷም ለቤተሰቦቿ አሳይታ ነበር። ከገንዘቡ በላይ የከበደው ይሄ ነው። እንደተሞኘ እንድታውቅ አልፈለገም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ነገሩ ከመስታወት ወደ ልብ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1111 የሞቱት ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ ልብን በመስታወት መስለዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ባሪያ ኃጢአት ሲሠራ በልቡ ላይ ጥቁር ነጥብ እንደሚያርፍ፣ ሲመለስና ምሕረት ሲለምን ልቡ እንደሚወለወል፣ ሲደጋግም ደግሞ ነጥቡ እንደሚሰፋ ቲርሚዚ ዘግበዋል። በዚያ ዘመን መስታወት ብረት ነበር። ዝገቱ የሚይዘው ፊት ለፊት ነው፤ ስትወለውለው ይለቃል። የዛሬው ብርጭቆ ግን እንደዚያ አይደለም። ጥቁሩ ያለው ከጀርባ ነው። ፊቱን ቀኑን ሙሉ ብትጠርገው ነጥቡ አይነቃነቅም።

ብዙዎቻችን ልባችንን እንደ ብርጭቆ እያጸዳን ነው ብዬ እፈራለሁ። የሚታየውን ፊት እናብሳለን፤ ፎቶውን፣ ጽሑፉን፣ ጁሙዓ ላይ የምንለብሰውን ጀለቢያ። እርጥበቱ የሚገባው ግን ማንም በማያዞረው በጀርባ በኩል ነው፤ በትንሿ ውሸት፣ በደበቅነው ዕዳ፣ «ማን ይጎዳል?» ባልናት ነገር። ተውባ ማለት መስታወቱን ማዞር ነው። ያፍራል ሰው፤ ግን ካልተዞረ አይጠገንም።

ሌላም ነገር አለ። በአቡ ዳውድ ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙእሚንን ለወንድሙ መስታወት አድርገውታል። ነጥብ ባለበት መስታወት ፊታችሁን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጉንጫችሁ ላይ ጥቁር ታያላችሁ፤ ትጠርጉታላችሁ፤ አይለቅም። ነጥቡ የመስታወቱ ነውና። ሰውን የምንመክር ሰዎች፣ ከሁሉ አስቀድሜ እኔ፣ ይሄን ብናስብ መልካም ነው። በወንድማችን ላይ የምናየው ጥፋት አንዳንዴ የራሳችን ነጥብ ነው። ያም ሆኖ ምክር አይቀርም፤ ግን ከመምከራችን በፊት የራሳችንን ጀርባ እንይ።

ልጁ በነጋታው ለእጮኛው ነገራት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ «እንኳን ነገርከኝ» አለችው። መስታወቱን «አዲስ ነው፤ እንዲያረጅ ተደርጎ የተሠራ» ብሎ ጽፎ ሸጠው። ከገዛበት ግማሽ እንኳ አላወጣለትም፤ ለሠርግ ወር ቀላል ኪሳራ አይደለም። ከሠርጉ በኋላ ልንዘይራቸው ስንሄድ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የአናጺው ምስማር ብቻ ነበር። «ኡስታዝ፣ አላህ ሲያገራልን ሌላ እንሰቅላለን» አለኝ። ባለቤቱ ፈገግ አለች።

ዛሬ ሰላተል ጁሙዓ ከመሄዳችሁ በፊት ፀጉራችሁን ለማስተካከል መስታወት ፊት ትቆማላችሁ። ያኔ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ ዞሮ እንዳይታይብኝ የምፈራው የትኛው ጀርባ ነው? ለአላህ ከሆነ ዛሬውኑ በኢስቲግፋር፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ለባለቤቱ በመመለስ።

አላህ መልካችንን እንዳሳመረው ጠባያችንንም ያሳምርልን። ውስጣችንን ከውጫችን የተሻለ ያድርግልን። አሚን።