እናት ሥራዋን ብታሳጥር ማን ይጠየቃል?

የተማረችና ሥራ የያዘች እህታችን ስትወልድ ምን ታድርግ? ሥራዋን ትተው? ልጇን ለሞግዚት ትተው? ወይስ ቀኗን ለሁለት ከፍላ ሁለቱንም ትያዝ?

ጥያቄው የመጣብኝ በገዛ እህቴ በኩል ነው። ነቀምቴ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ አዋላጅ ነርስ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ፈቃዷ ሲያልቅ የሌሊት ተራ ጠበቃት። ሞከረችው፤ አልሆነላትም። በመጨረሻ «ግማሽ ቀን ልሥራ፣ ደመወዜም ይገመስ» ብላ ለአሠሪዋ አመለከተች፤ ተፈቀደላት። ደውላ ስታማክረኝ እኔ ታላቅ ወንድሟ ምን አልኳት? «ግማሹ ምን ይረባሻል? ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ጨርሰሽ ቤትሽ ተቀመጪ።» ዝም አለች፤ ስልኩም ተዘጋ።

ወራት አለፉና ባለቤቴን አዲስ አበባ ላይ ምጥ ያዛት። ተረኛው ወንድ መሆኑን ስሰማ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ እየተመላለስኩ «እባካችሁ ሴት አዋላጅ ፈልጉልኝ» እያልኩ ለመንኩ። ተገኘች፤ አልሐምዱሊላህ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። ያቺ ሴት ልጆች ይኑሯት አይኑሯት፣ ማን አቅፏቸው እንደሚያድር አልጠየቅኋትም። እህቴን «ተቀመጪ» ያለው አንደበቴ የሌላውን ሰው እህት በሌሊት ሲፈልግ ማደሩ የታወሰኝ ሲነጋ ነው።

ወንድሞች ሆይ፣ ይህ የእኔ ብቻ ገመና ይመስላችኋል? ሚስቶቻችንን ሴት ሐኪም እንድታያቸው፣ ሴት ልጆቻችንን ሴት መምህርት እንድታስተምራቸው እንሻለን። ሐኪሟና መምህርቷ ከየት ይምጡ? ሕክምናን መማር ፈርደል ኪፋያ ነው፤ ሁላችንም ብንተወው ሁላችንም እንጠየቅበታለን።

በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 አላህ (ሱ.ወ.) ማጥባትን መሙላት ለሚሻ ሁለት ሙሉ ዓመት አስቀምጧል። እናትን ቤት ለማስቀመጥ ስንፈልግ የምንጠቅሰው ይህን ነው፤ የቀረውን ግን እንዘለዋለን። ቀለቧና ልብሷ በአባት ላይ መሆኑ፣ እናት በልጇ ሰበብ መጎዳት እንደሌለባት፣ ልጁን ከጡት መለየቱ እንኳ በሁለቱ ውዴታና ምክክር መሆኑ እዚያው አንቀጽ ውስጥ አለ። ጡት ለማስጣል ምክክር ካስፈለገ የሥራን ነገር እንዴት አንድ ወገን ብቻውን ይቆርጠዋል? ያውም በስልክ!

የአገራችንን ሕግም እንይ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ቀድሞ ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ስለነበር መሻሻሉ አይካድም። ሆኖም የጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ። ለአባትስ? 3 ቀን። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ማን ይሸፍነው? እናቲቱ፣ ከእንቅልፏና ከደመወዟ ቆርጣ። (ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ከተማ መምህርት ግማሽ ቀን ብታስተምር ማንም «ሰነፈች» አይላትም፤ ነርሷ ስትሆን ግን «ዲግሪዋን አባከነች» ይባላል።)

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላት ሊያስረዝሙ አስበው ገብተው የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ፣ የእናቲቱን ጭንቀት ስለሚያውቁ ያሳጥሩ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። «ልጅሽን ይዘሽ ውጪ» አላሏትም። «ከመጀመሪያውስ ለምን መጣሽ?» አላሏትም። የመላው ጀማዐ ሶላት ለአንዲት እናት ሲባል አጠረ። ዛሬ ለእናት ብሎ ሰዓቱን የሚያሳጥር መሥሪያ ቤት ስንት ነው? ለኪራይ ሱቅ የሚሠሩ የመስጊድ ኮሚቴዎቻችንስ አንዷን ክፍል ለልጆች ማቆያ ቢያውሏት ምን ይጎድልባቸዋል?

እህቴ የመረጠችው ግማሽ ቀን መልካም ምርጫ ነው ባይ ነኝ። ግን ዋጋ አለው። የሴት ገንዘብ በሸሪዓችን የራሷ ነው፤ ቀለብ የባል ግዴታ ነው። የቤት ኪራይ በሁለት ደመወዝ በሚከፈልበት ቤት ግን የእሷ ግማሽ ሲቀር ባልየው ወይ ሥራ ይጨምራል፣ ወይ ወጪ ይቀንሳል። ምርጫዋን ሲያሞግሱ ይህን ሒሳብ ለእሷ ብቻ የሚተዉላትን አልወድም።

በቅርቡ ነቀምቴ ሄጄ ነበር። ከዙህር በኋላ እቤቷ ስደርስ ከሥራ ገና መመለሷ ነው፤ ባሏ ልጁን አዝሎ ሻይ ያፈላል። ጠዋት ካየቻቸው ነፍሰ ጡሮች ሁለቱ በቡሬው መንገድ ካለችው ከኡኬ ተሳፍረው የመጡ ነበሩ፤ እሷ የምትገባበትን ሰዓት ጠይቀው። ስለዚያ የስልክ ንግግር አፉ በይኝ አልኳት። ሳቀችና፣ «አፉ ብያለሁ ወንድሜ። ለመሆኑ ባለቤትህ ሥራ ስትጀምር አንተ ስንት ሰዓት ትቀንሳለህ?» አለችኝ።

ከዚያ ተመልሼ የሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤት ሆኜ እንድጽፍ ለዋና አዘጋጁ አመልክቻለሁ። እስካሁን መልስ አላገኘሁም።