ጠመንጃ የማን ዕዳ ነው?

ሰው ቤት ሠርቶ፣ ትዳር ይዞ፣ ልጅ ወልዶ፣ ጥቂት ከብትና ጥቂት እህል ካገኘ በኋላ በሌሊት የውሻ ጩኸት በሰማ ጊዜ ልቡ መደንገጡ የተፈጥሮ ነገር ነው። ያን ጊዜ እጁ ወደ ግድግዳው ይዘረጋል፤ ዱላ ቢያገኝ ዱላውን፣ ጠመንጃ ቢያገኝ ጠመንጃውን ያነሣል። ይህን ስላደረገ ኃጢአተኛ ነው ብሎ የሚፈርድበት የለም። ነገር ግን ያ ጠመንጃ ለዚያች ሌሊት ብቻ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ አይደለም፤ በቀሩትም ሌሊቶችና ቀኖች ሁሉ በዚያው አለ። ሕፃን ያየዋል፣ ሰካራም ያየዋል፣ ቂመኛ ያየዋል፣ አዝኖ ተስፋ የቈረጠ ሰውም ያየዋል። እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ላይ ይነሣል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በተጂ የሰማሁት አንድ ንግግር ነው። ተጂ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰበታና በዓለም ገና በኩል ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ፣ በበቾ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጥቁር መሬቷ ጤፍና ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ያበቅላል። በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን በዛፍ ጥላ ሥር ዐርፈው ሳሉ፣ አንድ ጐልማሳ ገበሬ ወደ ንስሓ አባቱ ቀርቦ፣ «አባ፣ ወላጄ ያወረሰኝ አንድ ጠመንጃ አለኝ። ባለቤቴ ስለ ልጆቹ ፈርታ አስረክበው ትለኛለች፤ ወንድሜ ሌባውን ፈርቶ ሸሽገው ይለኛል። እርስዎስ ምን ይሉኛል?» ሲል ጠየቃቸው። አረጋዊው ካህንም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ብታስረክበው አንተን ማን ይጠብቅሃል? ብትሸሽገውስ ሌላውን ካንተ ማን ይጠብቀዋል? እነዚህን ሁለቱን መልስልኝና እኔም እመልስልሃለሁ» አሉት። ገበሬውም፣ «ሁለቱንም አላውቃቸው» ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔም ወደ ቤቴ ስመለስ ሁለቱ ጥያቄዎች ከልቤ አልወጡም።

ስለ ጠመንጃ ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ የሚከራከር አገር አሜሪካ ነውና አስቀድመን ወደዚያ እንመልከት። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1791 ዓ. ም. በሕገ መንግሥታቸው ላይ ከተጨመሩት ዐሥር አንቀጾች ሁለተኛው፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስለ ሕዝብ ጭፍራም፣ ሕዝብ መሣሪያ ለመያዝ ስላለው መብትም ይናገራል። መብቱ የጭፍራው ነው ወይስ የእያንዳንዱ ሰው ነው የሚለው ነገር ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሮ፣ በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ5 ዳኞች ድምፅ በ4 ላይ፣ መብቱ የእያንዳንዱ ሰው ነው ብሎ ፈረደ፤ ዳሩ ግን ወሰን የሌለው መብት አይደለም ሲል ጨመረበት። በ2022 ይኸው ፍርድ ቤት፣ ሽጉጥ ይዞ ለመውጣት የሚሻ ሰው ልዩ ምክንያት ያስረዳ የሚለውን የኒው ዮርክን ሕግ ሻረ። በ2024 ደግሞ፣ የቤተ ሰቡን ሰው እንዳያጠቃ በዳኛ የታገደን ሰው መሣሪያ እንዳይዝ መከልከል ይቻላል ብሎ 8 ለ1 ፈረደ። ወሰኑ የት እንደ ሆነ ክርክሩ ገና አላለቀም።

ነገሩ በፍርድ ቤት ብቻ አልቀረም፤ ከምርጫ አደባባይ ገብቷል። በ2012 በኮነቲከት ግዛት በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 ዐዋቂዎች በአንድ ሰው ጥይት ባለቁ ጊዜ አገሩ ሁሉ አለቀሰ። በማግሥቱ ዓመት፣ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ጠባዩና ታሪኩ በሰፊው ይመርመር የሚል ሐሳብ በሴኔታቸው ቀርቦ 54 ድምፅ አገኘ፤ ለማለፍ ግን 60 ያስፈልገው ነበርና ወደቀ። በ2022 በቴክሳስ በዩቫልዴ 19 ልጆችና 2 መምህራን ከተገደሉ በኋላ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ገዢዎች ይበልጥ እንዲመረመሩ የሚያዝ ሕግ ወጣ። በ2024 ምርጫ ግን አንደኛው ተወዳዳሪ ከ1871 ጀምሮ በቆመው በታላቁ የጠመንጃ ያዦች ማኅበር ፊት ቀርቦ፣ መሣሪያችሁን ማንም አይነካባችሁም ብሎ ተስፋ ሰጠ። ሁለተኛይቱም ተወዳዳሪ ጠመንጃ ልትቀማ ነው ተብላ በተከሰሰች ጊዜ፣ እኔም ምክትሌም ራሳችን ባለ መሣሪያ ነን ስትል መለሰች። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ ሁለቱም ወገን ጠመንጃን ያነሡት የማን ወገን እንደ ሆኑ ለማሳየት ነው። ጠመንጃ የማንነት ምልክት ከሆነ በኋላ ስለ እርሱ ማሰብ ይቀርና ስለ እርሱ መማል ብቻ ይተርፋል።

በዚያ ሁሉ መሐላ መካከል የሚረሳ አንድ ነገር አለ። በ2022 በአሜሪካ ከ48000 የሚበልጡ ሰዎች በመሣሪያ ሞተዋል፤ ከእነርሱም እኩሌታ የሚበልጡት ራሳቸውን በራሳቸው ያጠፉ ናቸው። ሰውዬው ጠመንጃውን የገዛው ለሌባ ነበር፤ ሌባው ሳይመጣ ኀዘን መጣ። መብት አለህ ብሎ የፈረደው ዳኛ በዚያች ሌሊት ከአልጋው አጠገብ አልነበረም። መብት ሰውን ከመንግሥት እጅ ያድነው ይሆናል፤ ከራሱ እጅ ግን አያድነውም።

እንዲህ ስንል ግን የባሕር ማዶውን ሰው ነቅፈን ራሳችንን ንጹሕ ለማድረግ አይደለም። በእኛም አገር የጠመንጃ ክብር ጥልቅ ነው፤ ምክንያትም አለው። የኤውሮፓ መንግሥታት በ1890 በብሩሴል ተሰብስበው፣ የባሪያን ንግድ ለማጥፋት በሚል ስምምነት ውስጥ ወደ አብዛኛው አፍሪካ አዲስ ጠመንጃ እንዳይገባ ወሰኑ። ራሳቸው ግን አፍሪካን የሚከፋፈሉት በዚያው በአዲሱ ጠመንጃ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ አስቀድመው ከፈረንሳይም ከሌላውም ጠመንጃ ባያከማቹ ኖሮ የ1888 ዓ. ም. የዐድዋ ድል ባልሆነም ነበር። ደግሞም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1935 ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ፍርዱ እኩል ይመስላል፤ ነገር ግን ጣልያን መሣሪያውን በገዛ ፋብሪካው ይሠራ ነበር፣ እኛ ግን ከውጭ እንገዛ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ በታጠቀና ባልታጠቀ መካከል እኩል ክልከላ ማድረግ ለታጠቀው ማድላት መሆኑን ነው።

ዳሩ ግን ታሪክን ከአንድ ወገን ብቻ ማንበብ አይገባም። በዐድዋ ነጻነታችንን የጠበቀው ነፍጥ በሌላው የአገራችን ወገን፣ በዚህም በበቾ ሜዳ ጭምር፣ ገበሬውን በገዛ መሬቱ ላይ ገባር ያደረገ ነው። ለአንዱ ልጅ የአባቱ ጠመንጃ የጀግንነት መታሰቢያ ነው፤ ለሌላው ልጅ የአያቱ ለቅሶ መታሰቢያ ነው። ሁለቱ ልጆች ዛሬ ጐረቤታሞች ናቸው፣ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፣ ባንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ስለዚህ ጠመንጃ መብቴ ነው የሚል ሰው፣ የእርሱ መብት በጐረቤቱ ዐይን ምን እንደሚመስል መጠየቅ ይገባዋል።

ወደ ዛሬው ሕጋችን እንመለስ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሣሪያን የሚጠራው በሕዝብ መብት ውስጥ ነው። በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው የእኛ ሕገ መንግሥት ግን በ51ኛው አንቀጽ የሚጠራው በፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ውስጥ ነው፤ ስለ መሣሪያ መያዝ ሕግ የሚያወጣ መንግሥት ነው ይላል። በዚህም መሠረት በ2012 ዓ. ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ወጥቶ፣ ያለ ፈቃድ መያዝን ከለከለ፣ ቍጥጥሩንም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጠ። እኔ ይህን ሕግ አልነቅፍም። ነገር ግን ሥልጣን የተቀበለ ሁሉ ዕዳም ተቀብሏል። ሰውን፣ መሣሪያህን አኑር፣ ወይም በእኔ ፈቃድ ብቻ ያዝ የሚል መንግሥት፣ በሌሊት ውሻ ሲጮኽ እኔ እመጣለሁ ብሎ ቃል መግባቱ ነው። ከሱሉልታ ወዲያ በጎጃም መንገድ፣ በገብረ ጉራቻ አቅራቢያ፣ በ2016 ዓ. ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ከአውቶቡስ ወርደው በታጣቂዎች ታገቱ። እነዚያ ልጆች መሣሪያ አልያዙም ነበር፤ ሕጉን የጠበቁ ናቸው። ሕጉ ግን እነርሱን አልጠበቃቸውም። በ2015 ዓ. ም. የክልሎች ልዩ ኃይል ይፍረስና ወደ መከላከያና ወደ ፖሊስ ይግባ በተባለ ጊዜም፣ በአማራ ክልል ተቃውሞ ተነሥቶ ወደ ጦርነት ተሻገረ። የዚያ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ካህኑ ለገበሬው ያቀረቡለት፣ «ማን ይጠብቅሃል?» የሚለው ጥያቄ ግን አንደኛው ነበር።

እንግዲህ ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል? በኦሪት ሕግ ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰብር ተመትቶ ቢሞት በመቺው ላይ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢመታው ግን የደም ዕዳ አለበት። እንግዲህ ራስን መጠበቅ የተፈቀደ ነው፤ ፈቃዱ ግን እንደ ጨለማው ይለካል እንጂ እንደ ቍጣው አይለካም። ደግሞ ስለ ተዋጊ በሬ ተጽፏል። በሬው ወጊ መሆኑን ባለቤቱ እያወቀ ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢገድል፣ ባለቤቱም ተጠያቂ ነው። ጠመንጃ ወጊ መሆኑ ያልተነገረው ባለቤት በዓለም ላይ አለን? ደግሞም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል። ሕጉ ጣራህን አፍርስ አላለውም፤ ከጣራህ ለሚወድቀው አንተ ተጠያቂ ነህ አለው እንጂ።

በወንጌልም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ በጌቴሴማኒ ሰይፉን መዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ጆሮ በቈረጠ ጊዜ፣ ጌታችን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው። በዚህ ብቻ አላበቃም፤ የቈሰለውን ጆሮ ፈወሰ። የደቀ መዝሙሩን ሰይፍ ዕዳ ጌታው ከፈለ ማለት ነው። አስታጥቆ የሚያሰማራ አለቃ ሁሉ ይህን ያስብ፤ ጭፍራው ያቈሰለውን የሚፈውስ እርሱ ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህ ነው። የጠመንጃ ነገር የመብት ጥያቄ ከመሆኑ በፊት የዕዳ ጥያቄ ነው፤ ዕዳውም ሁለት ነው። የያዘ ሰው ለጐረቤቱና ለልጁ ባለ ዕዳ ነው፤ ያስረከበውን ሰው የተቀበለ መንግሥት ደግሞ ላስረካቢው ባለ ዕዳ ነው። ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ፣ መንግሥት የእርሱን ዕዳ ካልከፈለ እኔ የእኔን ለምን እከፍላለሁ ይል ይሆናል። ይህ ነገር እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ዕዳህ ለመንግሥት አይደለም። በደጅህ የሚጫወተው ሕፃን ለሌባው መምጣት ምን አደረገ? መንገዱ ስላልተጠበቀ ያንተ ጥይት ያለ ቍልፍ ይቀመጥን? ተሸሽጎ የተያዘ ጠመንጃ ደግሞ ባለቤቱ የማይታወቅ በሬ ነው፤ ሲወጋ የሚጠየቅለት የለም።

ለሚገዙንም የምለው አለኝ። መሣሪያ ስትሰበስቡ ከሚታዘዘው ሰው መጀመር ቀላል ነው፤ የሚታዘዘው ቤቱ ይታወቃልና። ሽፍታው ግን ቤቱ አይታወቅም። ከታዛዡ ሰብስባችሁ ሽፍታውን ከተዋችሁት፣ በ1935 ኤውሮፓ በእኛ ላይ የፈረደውን ፍርድ እናንተ በገበሬው ላይ ትፈርዳላችሁ። የተሰበሰበው ጠመንጃ ብዛት የሰላም መለኪያ አይደለም፤ መለኪያው ሌሊት ተጠርቶ በጊዜ የደረሰው ጠባቂ ነው።

ያንን ገበሬ ከዚያ ወዲህ በገበያ አገኘሁትና ጠየቅሁት። ገና አልቈረጠም። ነገር ግን ጥይቱን ከጠመንጃው ለይቶ በሣጥን ቈልፎ ቍልፉን ለባለቤቱ ሰጥቷል፤ ወንድሙም ሳይቀር ባለበት ወደ ጽሕፈት ቤት ሄደው ፈቃድ ስለሚወጣበት ሥርዐት ሊጠይቁ ተስማምተዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ትልቅ ነው እላለሁ፤ ከካህኑ ሁለት ጥያቄዎች አንደኛውን፣ ሌላውን ካንተ ማን ይጠብቀዋል የሚለውን፣ መመለስ ጀምሯልና። ሁለተኛውን መመለስ የእርሱ ሥራ አይደለም፤ እርሱን የመመለስ ዕዳ ያለባቸው ሌሎች ናቸው።

ነቢዩ ሰይፍ ወደ ማረሻ የሚለወጥበትን ዘመን አይቶ ተናግሯል። የበቾ ገበሬ የማረሻን ብረት ዋጋ ያውቃል፤ ያ ዘመን ቢመጣ ደስ የሚለው እርሱ ነው። እስከዚያው ግን እግዚአብሔር ለያዘው ፍርሃትን፣ ለሚያስረክበው ጠባቂን፣ ለሚገዛውም የገባውን ቃል የሚያስብ ልብ ይስጥልን።